ነፃ የተሰጠ ነገር ባለቤት የለውምን?



  የዛሬው ርዕሳችን ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው ስንል "ይህ ደግሞ የኢማም ሥራ ነው እንዴ?" የምትሉ አትጠፉም። እኛም ከጥቂት ጊዜ በፊት እንዲሁ እንል ነበር። ነገር ግን ጉዳዩ መስጂድ ድረስ መጣብን፤ ሲመጣም የጥፋቱ ከፊል የራሳችን ሆኖ አገኘነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ረመዷን ሊገባ 9 ቀን ሲቀረው አንድ ወጣት የሰላት ሰዓት የሚያሳይ የሞባይል ፕሮግራም በአፋን ኦሮሞ አዘጋጅቶ በነፃ እያደለ መሆኑን ሰዎች ነገሩን። ደስ አለን። ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ወጣቱን በስሙ ጠርተን አመሰገንነው፣ ዱዓ አደረግንለት፣ ጀመዓውንም "በየሞባይላችሁ ጫኑት፣ ለቤተሰብም አድርሱ" አልን። በማግስቱ ከመግሪብ በኋላ አንድ አባት የ16 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ ዓይኑን ከምንጣፉ አያነሳም።

"ኡስታዝ፣" አሉ አባት፣ "ይህ ልጅ ከትናንት ጀምሮ እህል በወጉ አልቀመሰም። እርስዎ ያመሰገኑት ፕሮግራም የኔ ነው ይላል። እኔም ለአላህ ብለህ ከሰጠኸው ስምህ ተጠራ አልተጠራ ምን ቸገረህ፣ ይህማ ይዩልኝ ይስሙልኝ ነው ብዬ ተቆጣሁት። እሱ ደግሞ ከእንግዲህ የሠራሁትን ለማንም አልሰጥም አለ። እስቲ እርስዎ ይምከሩልን።"

ልጁ ራሱ እንዲያስረዳን ጠየቅነው። በመጀመሪያ ድምፁ አይሰማም ነበር፤ ስለ ሥራው መናገር ሲጀምር ግን ሌላ ልጅ ሆነ። ፕሮግራም እንዲጽፍ ያዘዘው የለም፣ የሚከፍለውም የለም። የትምህርት ቤት ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ማታ ማታ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ሌሎች ሰዎች የጻፉትን እያነበበ፣ እየሞከረ፣ ሲበላሽበት እያረመ የተማረው ነው። "እኔ የተማርኩት ሌሎች የጻፉትን ስላልደበቁብኝ ነው፤ ታዲያ እኔ ለምን እደብቃለሁ?" አለን። ስለዚህ የሚጽፈውን ሁሉ ማንም አይቶ ሊወስደው በሚችልበት ቦታ ያስቀምጣል። ከጽሑፉ አናት ላይ ግን ጥቂት መስመሮች አሉ። ስሙ፣ የጻፈበት ዓመት፣ ከዚያም "መውሰድ፣ መለወጥ፣ ማከፋፈል ይቻላል፤ እነዚህ መስመሮች ግን አይውጡ" የሚል ቃል። ወጣቱ ፕሮግራሙን ሲወስድ ያወጣው እነዚያን መስመሮች ነበር።

ይህን ነገር የማያውቁ ቤተሰቦች ስላሉ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ፕሮግራም ማለት ለኮምፒዩተር ወይም ለሞባይል ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ሰው ሊያነበው በሚችል መልኩ ሲጻፍ ኮድ ይባላል። ብዙ ድርጅቶች ፕሮግራሙን እንጂ ኮዱን አይሰጡም። ጎረቤት ዳቦ ጋግሮ ቢሰጠን በልተን እንጨርሳለን፤ አጋገሩን ቢያሳየን ግን እኛም እንጋግራለን፣ ጨው ቢበዛበት እንቀንሳለን፣ ጥቁር አዝሙድ እንጨምርበታለን። ኮዱን ለሁሉም ከፍቶ መስጠት ኦፕን ሶርስ የሚባለው ይህን አጋገሩን ማሳየት ነው።

ይህ የጥቂት ልጆች ጨዋታ አይደለም። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ ማንም ሊያነበውና ሊለውጠው የሚችል ሶፍትዌር ለመሥራት ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት ያስታወቀው እ.ኤ.አ በ1983 ነው። በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ገና 21 ዓመቱ ሳለ፣ ሊኑክስ የተባለውን የጻፈውን ኮድ ለሰው ሁሉ አወጣ። ትልቅ ነገር እንዳልሆነና በትርፍ ጊዜው የሚሠራው መሆኑን ነበር ሲያስታውቅ የተናገረው። ዛሬ የአንድሮይድ ሞባይሎች ሁሉ እምብርት ይኸው ሊኑክስ ነው። ይህን ፕሮግራም የምትሰሙበት ወይም ቁርኣን የምታዳምጡበት ስልክ አንድሮይድ ከሆነ፣ ሳታውቁት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አካፍለው የሰጡትን ኮድ በኪሳችሁ ይዛችኋል ማለት ነው። ልጆቻችሁ ኮምፒዩተር ላይ አፍጥጠው ሲያመሹ "ተነስ፣ ጨዋታህን ተው" ከማለታችሁ በፊት ምን እየሠሩ እንደሆነ ጠይቋቸው። ጨዋታ ሆኖ ይገኝ ይሆናል፤ ላይሆንም ይችላል።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች በነፃ ሲሰጡ ያለ ምንም ቃል አይደለም የሚሰጡት። ከኮዱ ጋር የፈቃድ ጽሑፍ ያኖራሉ፤ ላይሰንስ ይሉታል። ዓይነቱ ብዙ ነው። ኤም አይ ቲ የሚባለው አጭር ነው፤ የፈለግኸውን አድርግ፣ ሽጠውም ቢሆን፣ የባለቤቱን ስምና ይህን የፈቃድ ቃል ብቻ ከቅጂው ጋር አኑር ይላል። ጂ ፒ ኤል የሚባለው ጠበቅ ያለ ነው፤ ለውጠህ ለሌላ ካስተላለፍክ መለወጥህን ግለጽ፣ ኮዱንም አንተ እንደተሰጠህ ለሌላው ክፍት አድርግ ይላል። "በነፃ" የሚለው ቃል ያሳሳተን እዚህ ላይ ነው። በነፃ የተሰጠና ባለቤት የሌለው አንድ አይደሉም።

በሸሪዓችን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ሰው ጉድጓድ አስቆፍሮ ለመንገደኛ ወቅፍ ቢያደርግ የፈለገ ይጠጣል፣ ከብቱንም ያጠጣል። ወቅፍ አድራጊው ያስቀመጠው ሸርጥ ግን ይከበራል። ከጉድጓዱ አፍ ላይ የተጻፈውን ስም ፍቆ "እኔ ነኝ ያስቆፈርኩት" የሚል ሰው ውኃውን ስለጠጣ አይደለም የሚወቀሰው። ኮድ በፊቅህ ትርጉም ወቅፍ ነው ማለታችን አይደለም፤ ምሳሌው ነገሩን ለማቅረብ ነው። ሙስሊሞች በመካከላቸው ለተስማሙበት ሸርጥ ታማኝ እንዲሆኑ የሚያስተምረው አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡት ሐዲሥ ግን በቀጥታ ይመለከተዋል። ኮዱን የወሰደ ሰው በሸርጡ ወስዶታልና።

አሁን ወደ አባትየው ጥያቄ እንመለስ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሪያእ የልብ በሽታ ነው፤ የሰውን ልብ ደግሞ ከአላህ በቀር የሚያይ የለም። ስለዚህ ልጁን "ልጄ፣ ሰው ባያመሰግንህም ትሠራው እንደነበር ራስህን ጠይቅ" አልነው። ነገር ግን አባት ሁለት ነገሮችን አንድ አድርገዋቸዋል። የሰጪው ኒያ አንድ ጉዳይ ነው፤ የተቀባዩ እውነተኛነት ሌላ ጉዳይ ነው። ሰደቃ የሚሰጥ ሰው ስሙን ቢደብቅ ይወደድለታል። የእሱን ሰደቃ ተቀብሎ "ከኔ ኪስ የወጣ ነው" እያለ የሚያድል ሰው ግን ሰጪውን ከሪያእ አዳንኩት ሊል አይችልም። በአሊ ዒምራን ምዕራፍ 188ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ባልሠሩት ነገር መመስገንን የሚወዱ ሰዎች ከቅጣት የሚያመልጡ እንዳይመስለን ያስጠነቅቃል። አስማእ ቢንት አቡበክር (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥም ያልተሰጠውን እንደተሰጠው አድርጎ የሚታይ ሰው ሁለት የሐሰት ልብሶች በለበሰ ሰው ተመስሏል። ልጁ ቢታገሥ አጅር ያገኝበታል፤ የልጁ ትዕግሥት ግን ስም ለፋቀው ማስረጃ አይሆነውም።

ይህን ተናግረን የጨረስን መስሎን ነበር። ልጁ ግን "ኡስታዝ፣ ያልነገርኩዎት አለ" አለ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። "እሱ የወሰደው የመጀመሪያውን ነው። የመጀመሪያው ስህተት አለበት።"

ምን ዓይነት ስህተት እንደሆነ በደንብ አስረዳን። የፈጅር ወቅት የሚሰላው ፀሐይ ከአድማስ በታች ስንት ዲግሪ ላይ ስትሆን ነው በሚለው ነው። የተለያዩ ተቋማት የተለያየ ዲግሪ ይጠቀማሉ፤ የሙስሊም ዓለም ሊግ 18፣ የሰሜን አሜሪካው ኢስላማዊ ማኅበር 15፣ የግብፁ 19.5። ልጁ በመጀመሪያ ሲጽፍ ሳያስተውል 15ን አስገብቷል። የመስጂዳችን ሰሌዳ የሚከተለው 18ን ነው። የ3 ዲግሪ ልዩነት በእኛ አገር 12 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ልጁ ከሰሌዳው ጋር አስተያይቶ ስህተቱን ካገኘ በኋላ አርሞ አዲሱን አውጥቷል፤ ከእሱ የወሰዱ ሰዎችም አዲሱን አግኝተዋል። የወጣቱን የጫኑ ግን ስህተት መኖሩን ቢያዩ እንኳ ወደ ማን እንደሚሄዱ አያውቁም፤ የልጁ ስም የለማ። እኛ በጁሙዓ ቆመን ለጀመዓው ጫኑ ያልነው ይህንኑ ነው። በረመዷን ቤተሰቡ ሁሉ ስልኩን አይቶ "ገና 12 ደቂቃ አለን" ብሎ ሱሑር ሲበላ የመስጂዳችን ሙአዚን ለፈጅር አዛን ብሎ ጨርሶ ነበር ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ላብ አጠመቀን። ልጁ ስሙ እንዲቆይ የፈለገው ለምስጋና ብቻ እንዳልነበር ያኔ ገባን። እንዲህ ነው ያለን፤ "ስሜ የተጻፈው ሲሳሳት እኔን እንዲይዙኝ ነው።"

የ16 ዓመት ልጅ ይህን ሲል ስንቶቻችን ኢስናድን እንዳስታወስን አላህ ይወቀው። የሐዲሥ ዑለማዎች እያንዳንዱን ሐዲሥ እገሌ ከእገሌ፣ እገሌ ከእገሌ እያሉ የመዘገቡት ለሰዎቹ ክብር ብቻ ብለው አልነበረም። ከሰንሰለቱ ውስጥ አንዱ ደካማ ቢሆን፣ አንዱ ቢረሳ፣ ስህተቱ ከየት እንደገባ እንዲታወቅ ነው። ዐብደላህ ኢብኑል ሙባረክ (በ181 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት) ኢስናድን ከዲን የቆጠሩትም ለዚህ ነው፤ ኢስናድ ባይኖር ማንም የፈለገውን ይናገር ነበርና። በአገራችንም ወሎ ሆነ ሌላ ቦታ ኪታብ የቀራ ደረሳ ሼኹ ያንን ኪታብ ከማን እንደቀሩ ሳያውቅ አይወጣም። ኢማም አል ቁርጡቢ በታላቁ ተፍሲራቸው መግቢያ ላይ እያንዳንዱን ንግግር ወደ ተናጋሪው ለማስጠጋት በራሳቸው ላይ ሸርጥ አስቀምጠዋል፤ ይህንንም የዒልም በረካ ብለው ቆጥረውታል።

እዚህ ላይ ልጁን አንድ ነገር ጠየቅነው። "አንተስ የፀሐዩን ስሌት ራስህ ነው የፈጠርከው?" ዝም አለ። ከዚያ ቀላ። ስሌቱን በኤም አይ ቲ ፈቃድ ከተለቀቀ የሌላ ሰው ኮድ ነበር የወሰደው። ወደ ራሱ ፋይል ሲገለብጥ ትንሽ ነገር መስሎት የሰውየውን የስም መስመር ትቶት ነበር። ለማታለል አስቦ አይደለም፤ ይህን እናምናለን። ወጣቱም ለማታለል ላያስብ ይችላል ብለን የጠረጠርነው ያኔ ነው።

ከልጁ ላፕቶፕ ላይ የሰውየውን መስመር አብረን አየነው። እሱም ቢሆን ስሌቱን ያገኘው ከሌላ ሰው ሆኖ ሁለቱም ስሞች ተጽፈው ነበር። "ሁለቱንም ልጽፍ ነው ወይስ የመጀመሪያውን ብቻ?" ሲል ጠየቀን። ለዚህ ጥያቄ ከ500 ዓመት በፊት ካይሮ ውስጥ የተነሳ ክርክር አለ። ኢማም አስ ሱዩጢ (በ911 ሂጅራ ያረፉት) የቡኻሪን ሸርሕ የጻፉትን አል ቀስጠላኒን (በ923 ሂጅራ ያረፉትን) ከመጽሐፎቼ ወስደው ስሜን አልጠቀሱም ብለው በሸይኹል ኢስላም ዘከሪያ አል አንሷሪ ፊት ከሰሷቸው። ቀስጠላኒ ግን ዋናዎቹን ባለቤቶች፣ ለምሳሌ በይሀቂን፣ ጠቅሰው ነበር። የሱዩጢ መከራከሪያ፣ የበይሀቂን መጽሐፍ ራሳቸው ከፍተው ካላነበቡና በእኔ በኩል ካገኙት፣ ሱዩጢ ከበይሀቂ እንዳስተላለፉት ብለው መጻፍ ነበረባቸው የሚል ነው። ሱዩጢ በዚህ ነገር ጥብቅ ነበሩ፤ በጸሐፊና በሌባ መካከል ስላለው ልዩነት ራሱን የቻለ ድርሰት እስከመጻፍ ደርሰዋል። እንደሚተረከው ቀስጠላኒ በኋላ ልባቸውን ለማስደሰት ባዶ እግራቸውንና ራሳቸውን ሳይሸፍኑ እስከ ሱዩጢ ቤት ድረስ ሄደው በር አንኳኩ። ሱዩጢ ከውስጥ ሆነው ልቤ ጠርቷል አሏቸው፤ በሩን ግን አልከፈቱላቸውም ይባላል። ሁለቱም ታላቅ ዓሊሞች ናቸው፤ አላህ ለሁለቱም ይዘንላቸው። ለልጁ የሰጠነው መልስ ግን ከዚህ የተወሰደ ነው፤ የፈለቀበትንም፣ የቀዳህበትንም ጻፍ።

ልጁ እዚያው ተቀምጦ የሁለቱን ሰዎች ስም መለሰ። ወጣቱንም አስጠራነው። እንደጠረጠርነው ሆነ፤ "በነፃ ነው ሲሉኝ የማንም አይደለም ማለት መስሎኝ ነበር" አለ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ወጣት መዋሸት የማያስፈልገው ሰው መሆኑ ነው። ፕሮግራሙን ቃል በቃል ወደ አፋን ኦሮሞ የመለሰው እሱ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጅቶበታል። በልጁ ስም ሥር "ወደ አፋን ኦሮሞ የተረጎመ" ብሎ ስሙን ቢያኖር ኖሮ የሚገባውን ምስጋና ሁሉ ባገኘ ነበር። አሁን እንደዚያ ተደርጓል፤ የታረመውም ኮድ ገብቶበታል። በሚቀጥለው ጁሙዓ፣ ረመዷን ሊገባ 2 ቀን ሲቀረው፣ ቆመን ስህተታችንን ተናገርን፣ የእያንዳንዱን ድርሻ ለየን፣ የድሮውን አጥፍታችሁ አዲሱን ጫኑ አልን። አንዳንድ ሽማግሌዎች ኢማም እንዲህ ባይናገር ይሻል ነበር ብለውናል። የጀመዓው ሱሑር ከኢማሙ ክብር ይበልጥብናል።

ሕጉን በተመለከተ በአጭሩ እንንካው። በኢስላማዊ ትብብር ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ በ1988 በኩዌት ባደረገው 5ኛ ጉባኤ፣ በውሳኔ ቁጥር 43፣ የድርሰትና የፈጠራ መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁና ሊጣሱ የማይገባቸው ናቸው ብሏል። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ይቆጥራል፤ የሥራው አመንጪ በስሙ የመታወቅ መብት እንዳለውም ይደነግጋል። ገንዘብ ያልተጠየቀበት ነገር ፍርድ ቤት አይደርስም የሚል ካለ የአሜሪካን አንድ ጉዳይ እናስታውሰው። በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር የነበሩት ሮበርት ጃኮብሰን የአሻንጉሊት ባቡር ወዳጅ ናቸው፤ ከሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጋር ባቡሮቹን የሚመራ ኮድ ጽፈው በነፃ ሰጡ። አንድ ድርጅት ከዚያ ወስዶ የጸሐፊዎቹን ስምና የፈቃዱን ቃል ሳያኖር በራሱ ምርት ውስጥ አስገባው። እ.ኤ.አ በ2008 የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት ብር ባይጠየቅበትም ስም የማኖርና ለውጥን የመግለጽ ሸርጦች በቅጂ መብት ሕግ የሚያስጠይቁ ናቸው ሲል ወሰነ። ነገሩ በ2010 በስምምነት አልቋል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ብዙዎቻችን በስልካችን ቁርኣን አለን። ተንዚል የተባለው እ.ኤ.አ በ2007 የተጀመረ ፕሮጀክት የቁርኣንን ዐረብኛ ጽሑፍ በጥንቃቄ አርሞ ፕሮግራም ለሚሠሩ ሁሉ በነፃ ይሰጣል። ከሸርጦቹ ሁለቱ እነዚህ ናቸው፤ ጽሑፉ ፈጽሞ አይለወጥ፣ ምንጩም በግልጽ ይጠቀስ። ኮድን መለወጥ የሚፈቅዱ ሰዎች እንኳ እዚህ ላይ ለምን እንደሚያቆሙ ለሙስሊም አይነገርም። የአማርኛው ትርጉም ደግሞ በሼኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና በሼኽ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የተዘጋጀውና በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1961 የታተመው ነው በብዙ ስልኮች የሚነበበው። እስቲ ዛሬ ማታ ክፈቱና ስማቸው መኖሩን እዩ። ከሌለ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። የሁለቱን ዓሊሞች ድካም በየቀኑ እያነበብን ስማቸውን የማያውቅ ትውልድ ማሳደግ የለብንም።

ይህን ዝግጅት ስናሰናዳ አንዲት እናት ደውለው የጠየቁንን አክለን እንጨርስ። ሴት ልጃቸው ለሕፃናት የዐረብኛ ፊደል የሚያስተምር ፕሮግራም ጽፋለች፤ ኮዱንም በነፃ ልትሰጥ ትፈልጋለች። ነገር ግን ሐያእ ይዟት ስሟ እንዲታይ አልፈለገችም፤ ያለ ስም ማውጣት ይቻላል ወይ ነው ጥያቄው። ይቻላል። ባለቤቱ ስሙን ቢተው መብቱ ነው፤ በኩንያ መጻፍም አለ። ብዙ ዓሊሞች እስከዛሬ የሚታወቁት በኩንያቸው ነው። ሰዎች ስህተት ሲያገኙ የሚያሳውቁበት መንገድ ብቻ ትተው። ይሁንና ስም መጻፍ ለሴት ነውር ነው ብላ ከሆነ የሐዲሥ ሰዎች እንዲህ አላሰቡም አልናቸው። በ5ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን በመካ ሶሒሕ አል ቡኻሪን ያስተማሩት ከሪማ አል መርወዚያ ስማቸው በኢስናዱ ውስጥ እስከዛሬ ይነበባል።

እናትየዋ ከሦስት ቀን በኋላ ደውለው ልጅቷ የመረጠችውን ነገሩን። ሙሉ ስሟን ነው የጻፈችው።